በገመድ የተከፈለው ቤቴ

እኔና ባለቤቴ አዲሱ ለመጨረሻ ጊዜ አብረን የሠራነው ነገር በር መክፈት ነው። ሰው የመጨረሻውን ሲያወራ ትልቅ ትልቁን ነው የሚያወራው፤ ተያይዘው ገዳም የተሳለሙ አሉ፣ ተቀምጠው ሲመራረቁ ያመሹ አሉ። እኛ በር ከፈትን። ምሳውን ሊበላ መጣ። እኔ ከውስጥ እጀታውን በሁለት እጄ ይዤ ወደ ላይ አነሳሁ፤ እሱ ከውጭ በትከሻው እየገፋ ከታች በጉልበቱ መታው። በሩ እንደ ታመመ በሬ አቃስቶ ተከፈተ። «ክረምቱ ይውጣና በመላጊያ እልገዋለሁ» አለ። በየዓመቱ የሚላት ነገር ናት። ሽሮውን በላ፣ ሜትሩን ኪሱ ከተተ፣ ወደ ሥራው ተመለሰ። ሲመሻሽ ሰዎች በባጃጅ ይዘውት መጡ። ልቡ ነው አሉ።

ደብረ ታቦር ከርሞ የማያውቅ አንባቢ ካለ ልንገረው፤ እዚህ ሰኔ ሲገባ እንጨት ሁሉ ያብጣል። በር ያብጣል፣ መስኮት ያብጣል፣ የሣጥን ክዳን ያብጣል፤ የኔም ጉልበት አብሮ ያብጣል። ለሌላው ሰው ይህ የክረምት ጉዳይ ነው፤ ለኛ ግን ቅሌት ነበር፤ አዲሱ አናጢ ነዋ! ከጎረቤታችን ገሳይ እስከ ከተማው ጫፍ የሱ እጅ ያልነካው በር ጥቂት ነው። ቀኑን ሙሉ የሰው በር ሲልግ ይውልና፣ ማታ ትከሻውን አሻሽቶ የራሱን በር ሊታገል ይቆማል። ከመግፋቱ ብዛት ትከሻው የሚያርፍበት ቦታ ላይ ቀለሙ ለቆ ነጭ እንጨቱ ወጥቶ ነበር።

የሞተ ዕለት እንኳ ይህ በር ይሉኝታ አልያዘውም። ዝናብ ስለነበር አንዱ ለቀስተኛ ጥርቅም አድርጎ ዘጋው፤ አስከሬኑን የያዙት ሰዎች ውጭ ቀሩ። እነሱ ከውጭ ይገፋሉ፣ ሴቶቹ ከውስጥ ይጎትታሉ፣ በሩ ወይ ፍንክች። እኔ ደረቴን እየደቃሁ ነበር። ምን ላድርግ? ልቅሶዬን አቋርጬ ተነሣሁና እጀታውን ይዤ፣ «በትከሻ! ከታች በጉልበት! አሁን!» ብዬ ጮህሁ። ተከፈተ። ባሌን ወደ ቤቱ አስገባሁና ወደ ልቅሶዬ ተመለስሁ። ከዚያ ወዲህ በሩን እስከ መጨረሻው መዝጋት ተውሁ፤ ገርበብ አድርጌ በወንበር እደግፈው ጀመር።

እኔ ጡረታ እስክወጣ ድረስ የአንደኛ ደረጃ አስተማሪ ነበርሁ። የምጽፈው ቀስ ብዬ ነው፤ አንዳንዱ ዐረፍተ ነገር ላይ እቆምና ውጭ ውጭውን አያለሁ። አንባቢ ይታገሠኝ፤ ፊደል እስኪይዙ ስንቱን ታግሻለሁ።

ልጅ አልወለድንም። ይህን የምለው እንዲታዘንልኝ ሳይሆን ለነገሩ ስለሚያስፈልግ ነው፤ ልጅ ቢኖረን ኖሮ ዋርሳዬ ሞላ ሳሎኔን በእርምጃ ባልለካው።

ሞላ የአዲሱ ታናሽ ወንድም ነው፤ ገሳይ አጠገብ ገብስና ስንዴ የሚያርስ፣ ጠንካራ፣ ጉሮሮው ሰፊ ሰው። ወንድሙን ከልቡ አልቅሷል፤ ይህን አልክድበትም። ችግሩ አርባው ወጥቶ ለቀስተኛው ሁሉ ሲበተን እሱ መቅረቱ ነው። «እትዬን ብቻዋን ጥዬ አልሄድም» ሲል፣ እኔ ሞኟ መረቅሁት። አንድ ቀን ጠዋት ሻይ ይዤ ስገባ ተረከዙን ከአውራ ጣቱ እያገጣጠመ ከግድግዳ ግድግዳ ሲሄድ አገኘሁት።

«ምን ጠፋህ?» አልሁት።

«ኧረ ምንም። እትዬ፣ ይህ ቤት ለአንድ ሴት አልበዛም?»

«ሲበዛብኝ እነግርሃለሁ።»

«ይፋግ ሞቃት ነው ይላሉ። ለጉልበትሽ ይስማማሽ ነበር። ደግሞም አገርሽ ነው።»

እውነት ነው፣ የተወለድሁት ይፋግ ነው። ግን ከዚያ ስመጣ ጸጉሬ ጥቁር ነበር፤ አሁን ይፋግ ብወርድ የሚያውቀኝ ሙቀቱ ብቻ ነው። ሻዩን አስቀመጥሁና ቁርጡን ጠየቅሁት። ቁርጡን ነገረኝ፤ ካርታው በወንድሜ ስም ነው፣ ወንድሜ ሞቷል፣ ቤቱ የኛ የቤተሰቡ ነው፣ አንቺን ግን በባዶ እጅሽ አንሸኝሽም።

«አንሸኝሽም» ያላት ቃል ናት ያነደደችኝ። ይህ ቤት ሲሠራ ጭቃውን ከጭድ ጋር የረገጥሁት እኔ ነኝ። ክረምት ከበጋ ሳልል፣ ከትምህርት ቤት ስመለስ ቀሚሴን ሰብስቤ ጉድጓድ ውስጥ እገባ ነበር። አሁንም ከአልጋዬ ራስጌ ልስኑ የተፈረከሰበት ቦታ አለ፤ ጭዱ ይታያል፤ ያ ጭድ በኔ እግር ነው የገባው። ከረገጥሁት ቤት ማን ነው እኔን የሚሸኘኝ?

ነጠላዬን አጣፍቼ ፍርድ ቤት ሄድሁ። እዚያ ለድኻና ለመበለት ሕግ የምታማክር ወጣት ጠበቃ አለች። ቀና ብላ አየችኝና ተነሥታ ቆመች። «ቲቸር!» አለች። ሁለተኛ ክፍል አስተምሬያታለሁ፤ ያኔ ከቁመቷ ይልቅ ጩኸቷ ይበልጥ ነበር።

«ቤቱ የተሠራው መቼ ነው?» አለችኝ።

«ከተጋባን በኋላ።»

«እንግዲያው በማንም ስም ይመዝገብ፣ የጋራችሁ ነው። ግማሹ የርስዎ ነው። እሱ ውርስ አይደለም፤ ጋሼ በሕይወት እያሉም የርስዎ ነበር።»

«የሱ ግማሽስ?»

«ኑዛዜ ጽፈዋል?»

«በሩን ያልላገ ሰው ኑዛዜ ይጽፋል?»

ሳቋን ዋጠችና ቀጠለች። ልጅ ስለሌለ የሱ ግማሽ ለእናትና ለአባቱ ነው። እናቱ አሉ፤ አባቱ ዐርፈዋል። የአባትየው ድርሻ ወደ ልጃቸው ይወርዳል፤ ማለት ወደ ሞላ።

«እኔስ? ሚስት ባሏን አትወርስም?»

«ኑዛዜ ከሌለ አትወርስም፣ ቲቸር። የርስዎን ግን ማንም አይወስድብዎትም።» ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ግን ይጠንቀቁ። መካፈል ካልቻላችሁ ቤቱ ተሽጦ ነው የሚካፈለው። በሽማግሌ ተስማምታችሁ ብትመጡ ግን ፍርድ ቤቱ ያጸድቅላችኋል።»

ስወጣ ግማሽ ልቤ ሞቆ ግማሹ በርዶ ነበር። ግማሹ ቤት የኔ ነው። ግን ግማሽ ቤት ይዞ ሙሉ ቤት ማጣት ይቻላል። ሞላ «ይሸጥ» ካለ አበቃ፤ ከነጉልበቴ መንገድ ላይ ነኝ።

ለሞላ የሰማሁትን አንድ ሳላስቀር ነገርሁት። «ሽማግሌ ከሆነማ እኔም አለኝ» ብሎ ወደ ገሳይ ነጎደ። በማግሥቱ አያ ቢያድግልኝን ይዞ መጣ።

አያ ቢያድግልኝ መሬት በማካፈል የታወቁ ሰው ናቸው። በዚያ አገር አባት ሞቶ ወንድማማች ሲጣላ የሚጠሩት እሳቸው ናቸው፤ የቃጫ ገመዳቸውን ትከሻቸው ላይ ጠምጥመው ይመጣሉ፣ ማሳውን ይለካሉ፣ ዕጣ ያስጥላሉ፣ ድንበር ላይ ድንጋይ ያስተክላሉ። እሳቸው ያካፈሉት ሰው ዳግም ተካስሶ አያውቅም ይባላል። የማይጣስ ሕግ አላቸው፤ ከለሙም ከጭንጫውም ለሁሉም እኩል ይድረስ። አንዱ ለሙን ወስዶ ለሌላው ጭንጫው እንዳይደርሰው፣ ማሳውን ከላይ እስከ ታች በቁመቱ ይሸነሽኑታል። ለገብስ ማሳ ከዚህ የተሻለ ፍርድ የለም።

ሳሎኔ መሐል ቆመው ዙሪያውን ተመለከቱና፣ «ተዳፋቱ ወዴት ነው?» አሉ።

«አያ፣ ሳሎን ነው» አልኋቸው።

«ሳሎንም ተዳፋት አያጣም። ለሙ የቱ ነው? ጭንጫውስ?»

ሞላ ፈጠን ብሎ፣ «ለሙ ሳሎኑ ነው፤ ጭንጫው ሽንት ቤቱ ነው» አለ። እኔ ደግሞ እልክ ይዞኝ፣ «በክረምት ሌሊት ሆድህ ሲጮህ ለሙ የቱ እንደሆነ ትነግረኛለህ» አልሁት።

ገመዱ ከመንገዱ አጥር ተነሥቶ እስከ ጓሮው አጥር ድረስ ግቢውንም ቤቱንም በቁመት ሦስት ቦታ ሰነጠቀው። ግድግዳ ሲደርሱ ገመዱ አላልፍ አለ። አያ ግን በቀላሉ የሚበገሩ ሰው አይደሉም፤ ሞላን ወደ መኝታ ቤት ላኩትና በዚህ ወገን ግድግዳውን አንኳኩ፣ እሱ በዚያ ወገን መለሰ። «ወደ ግራ!» ኳ ኳ። «በዛ!» ኳ። እንዲህ እየተንኳኳ አንዱ ድንበር ወደ መኝታ ቤቴ ገባና አልጋዬን በወገቡ ላይ አቋርጦ አለፈ። በየክፍሉ የድንበር ድንጋይ ተቀመጠ። አንዱ ሶፋው ፊት፣ አንዱ ከቁም ሣጥኑ ሥር፣ አንዱ ማድ ቤቱ ደጃፍ። ከዚያ አያ ገመዳቸውን ጠቅልለው ረገሙ፦ «ይህን ድንጋይ የነቀለ፣ ያለባለቤቱ ፈቃድ ድንበር ያለፈ፣ ዘሩ አይብቀል፣ በሬው አይጠመድ!» ዘርም በሬም የለኝም፤ ቢሆንም «አሜን» አልሁ። ሰው ቤት መጥቶ ለረገመ ሽማግሌ ዝም አይባልም።

አራት ሽንሽን ወጣ፤ ሁለቱ የኔ፣ አንዱ የአማቴ፣ አንዱ የሞላ። የቱ ለማን እንደሆነ የሚለየው ዕጣ ነው። እኔ ሁለት ቁራጭ ጠመኔ አወጣሁ፣ ሞላ ከጃኬቱ ቁልፍ በጠሰ፣ ለእናቱ አንዲት ባቄላ ወከለ። ዕጣ የሚጥለው ሰው የትኛው ምልክት የማን እንደሆነ ማወቅ ስለሌለበት፣ ሞላ መንገድ ወጥቶ አውራ ዶሮ ታቅፋ ወደ ገበያ የምትወርድ ሴትዮ ጠርቶ አመጣ። ሴትዮዋ ገብታ የኔን ጥቁር ልብስ ስታይ ሳትጠይቅ፣ «ወንድሜ! ወንድሜን!» ብላ ማልቀስ ጀመረች። ዶሮው ጮኸ። እኔም አብሬ አለቀስሁ። አያ በትዕግሥት አስጨርሰውን ምልክቶቹን በእጇ ሰጧት፤ እንባዋን እየጠረገች በየሽንሽኑ ላይ አንድ አንድ አስቀመጠችና «እግዜር ያጥናሽ» ብላኝ ሄደች። ንብረቴን የሚያከፋፍል ሰው እንዲህ አልቅሶልኝ አያውቅም።

ዳር ያለው የመጀመሪያው ሽንሽን የኔ ሆነ፤ የሳሎኑ መስኮትና ጓሮ ያለው ሽንት ቤት በውስጡ ነው። ሁለተኛው የሞላ፤ በሩ አለበት። ሦስተኛው የአማቴ፤ ግቢው ውስጥ ያለው ቧንቧ በዚያ ነው። አራተኛው፣ ለብቻው የቆመው ማድ ቤትና የአዲሱ የእንጨት ሥራ ክፍል ያሉበት ሌላኛው የግቢው ዳር፣ እንደገና የኔ። ከራሴ ድርሻ ወደ ራሴ ድርሻ ለመሄድ የሁለት ሰው አገር ማቋረጥ አለብኝ ማለት ነው። በአልጋዬ ደግሞ ራሴ እኔ ዘንድ፣ እግሬ ሞላ ዘንድ ያድራል። አልጋውን የዚያኑ ዕለት አዙሬ ግድግዳው ሥር አስጠጋሁት።

ሞላ ግን ከደስታው ብዛት ድንጋዩን ሊረግጥ ምንም አልቀረውም። «በሩ ደረሰኝ! በሩ ደረሰኝ!» ይላል። የገብስ ጆንያዎቹን አምጥቶ በሽንሽኑ ደረደረ፣ መሐላቸው ፍራሽ ዘረጋ፣ በሩ ላይ ሰንሰለትና አዲስ ጓጉንቸር አንጠለጠለ። ሲወጣ በሩን ገርበብ እንዳለ በሰንሰለቱ ይቆልፋል፣ ሲገባ እኔን እያየ ይከፍታል። «እንግዲህ አንቺ ሴትዮ፣ መግባት ስትፈልጊ ትጠይቂያለሽ» አለኝ። እትዬነቴ ያኔ ቀረ።

እውነቱን ልናገር፤ ያን ቀን ብለምነው ይከፍትልኝ ነበር። ክፉ ሰው አይደለም። እኔ ግን የገዛ ቤቴ ለመግባት አልለምንም። ከውስጥ ዱካ፣ ከውጭ ጠፍጣፋ ድንጋይ አስቀመጥሁና በመስኮቴ መውጣትና መግባት ጀመርሁ፤ ማድ ቤቴ ስሄድም በመንገድ ዞሬ በአጥሩ ክፍተት እሾልካለሁ። እንዲያውም ስወጣ የምዘጋበት መቀርቀሪያ ከውጭ በኩል በሚስማር መታሁለት።

የጡረተኛ አስተማሪ በመስኮት መውጣት የራሱ ጥበብ አለው። መጀመሪያ እግር ነው ወይስ ራስ? እግር ካስቀደምሁ ቀሚሴ ይሰበሰባል፤ ስገባ ራስ ካስቀደምሁ ደግሞ መንገደኛው የሚያየው ራሴን አይደለም። ኋላ በጎን መውጣት ተማርሁ። የመጀመሪያው ቀን አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ቆሞ አፉን ከፈተ።

«ቲቸር፣ ምን ሆነው ነው?»

«ከቤቴ እየወጣሁ ነዋ።»

«በሩስ?»

«የጎረቤት ነው።»

ጎረቤቴ ወይዘሮ የሺ ደግሞ በአጥሩ በኩል አንገቷን አስግጋ፣ «ምነው እህቴ፣ በዚህ ዕድሜሽ፣ ያውም ጥቁር ለብሰሽ! ነውር አይደለም?» አለችኝ። «ነውሩ የቆለፈው ዘንድ ነው፤ እኔ ዘንድ ያለው ጉልበት ማበጥ ብቻ ነው» አልኋት። ወሬው ሰንበት ሳይደርስ ከተማውን አዳረሰ፤ ገሳይም ደረሰ። ገሳይ ሲደርስ ደግሞ እማሆይ ጆሮ ገባ።

እማሆይ አማቴ ናቸው። ባላቸው ከሞቱ በኋላ መንኩሰው፣ ቆብ ጭነው፣ ከቤተ ክርስቲያን አጥር ሥር ትንሽ ጎጆ ይዘው ይኖራሉ። ልጃቸውን ከቀበሩ ወዲህ ከዚያ አልወጡም ነበር። አንድ ጠዋት በሚኒባስ መጡ። ሞላ እየሮጠ በሩን ከፍቶ እጃቸውን ስሞ አስገባቸው። ልክ ሶፋው ላይ ሲቀመጡ እኔ ሽንኩርቴን ይዤ በመስኮት ብቅ አልሁ።

«በስመ አብ! ሌባ!» አሉ እማሆይ።

«ምራትዎ ነኝ፣ እማሆይ።»

ዞረው ሞላን አዩት። ሞላ ድንጋዩን፣ ገመዱን፣ ዕጣውን አስረዳቸው። እስከ መጨረሻው ሰሙት። «የኔስ ድርሻ የቱ ነው?» አሉ።

«ይቺ ናት። ግን እማሆይ፣ እርስዎ ዓለምን ንቀው የመነኑ ነዎት። ለኔ ቢተዉልኝ ብዬ…»

«ዓለምን ናቅሁ አልሁ እንጂ የልጄን ቤት ናቅሁ አልሁ? ና እስኪ፣ ቁርበቴን እዚህ አንጥፍ።»

እንግዲህ እማሆይ በሞላና በኔ መካከል ተነጠፉ። ሞላም ድርሻውን በደንብ ያወቀው ያኔ ነው። ውሃ ሊቀዳ ወደ ቧንቧው ሲሄድ እማሆይ መቁጠሪያቸውን ሳያቋርጡ፣ «ያለባለቤቱ ፈቃድ» ይላሉ። ሽንት ቤት የኔ ነው። ማድ ቤት የኔ ነው። ለሞላ በር አለው፤ ከበሩ ወዲያ ግን ምንም የለውም። ለውሃ ወይዘሮ የሺ ዘንድ፣ ለሽንት ማዶ ካለው ጠላ ቤት ይሄዳል። ጠላ ቤት ደግሞ ለሽንት ብቻ አያስገቡም፤ መጠጣት አለበት። ሲጠጣ እንደገና ይመጣበታል፤ እንደገና ይሄዳል። ሰውየው ከሳ።

እኛም ብንሆን አልተመቸንም። እማሆይ በየማለዳው ለጸሎት ሲነሡ በድንበሩ ድንጋይ ይደናቀፋሉ፤ እግራቸውን ይዘው፣ «አቤቱ ይቅር በለኝ» ይላሉ፤ ቀጥለው የሚሉትን ግን አልጽፈውም፣ መነኩሴ ናቸው።

ያ ቀን የመጣው በነሐሴ መጨረሻ ነው። ሞላ ድርሻውን ሊሸጥ ቆርጦ አንድ ቤት ፈላጊ ነጋዴ ይዞ መጣ። ድንበሩን የሚያሳዩለት አያ ቢያድግልኝም አብረው ነበሩ፤ በመንገዳቸው ጠላ ቤቱን አልፈው እንዳልመጡ ከዓይናቸው ያስታውቃል። እኔና እማሆይ ማድ ቤት ውስጥ እሸት ባቄላ እየፈለፈልን ነበር። ሦስቱ ወንዶች ወደ ቤት እንደገቡ ሰማዩ ጠቆረና በረዶ መውረድ ጀመረ። እንዴት ያለ በረዶ! ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ ጆሮ ያደነቁራል። መስኮቴን እንደ ልማዴ ስወጣ ከውጭ ቀርቅሬዋለሁ። በሩ ግን ገርበብ ያለ ስለነበር ንፋሱ በረዶውን ይዞ ገባባቸው። ሞላ ባለ በሌለ ኀይሉ ጠረቀመው። ድምፁን ማድ ቤት ድረስ ሰማሁ። የፈለፈልሁት ባቄላ ከእጄ ወደቀ።

«ምነው?» አሉ እማሆይ።

«ዘጋው» አልሁ።

በረዶው አባራ። ቆየት ብሎ እጀታው ሲንኮሻኮሽ ተሰማ። ከዚያ ተደበደበ። ከዚያ ጸጥ አለ። ከዚያ የእማሆይ ስልክ ከጉያቸው ጮኸ።

«ማን ልበል?»

«እኔ ነኝ፣ ሞላ።»

«ወዴት ነህ ልጄ?»

«ቤት ውስጥ ነኝ፣ እማሆይ!» ድምፁ ከስልኩም ከበሩም እኩል ይመጣል። «በሩ እምቢ አለ። እትዬን ጥሩልኝ።»

እትዬ! ባቄላዬን ከቀሚሴ አራግፌ በሩ ፊት ሄጄ ቆምሁ።

«ማን ነው?» አልሁ።

«ሞላ ነኝ እትዬ።»

«ምን ሆንህ?»

«በሩ አልከፈትም አለ።»

«የማን በር?»

«የኔ» አለ ቀስ ብሎ።

«እንግዲያው ክፈተዋ። እኔ የሰው ንብረት አልነካም።»

«በመስኮቱ እንውጣ፣ መቀርቀሪያውን አንሺልን!»

«መስኮቱ የኔ ነው። አያ ቢያድግልኝን ጠይቃቸው፣ ያለባለቤቱ ፈቃድ ድንበር ያለፈ ምን ይሁን ብለው ነበር?»

አሁን አያ ራሳቸው ወደ በሩ ተጠጉ። «እመቤቴ፣ በኔ ይሁንብሽ። እኔ ሽማግሌ ነኝ። ጠላም ቀምሻለሁ።»

«አዝናለሁ አያ። የሽንት ቤቱ ባለቤት ማን ነው?»

«አንቺ ነሽ።»

«ለሙ እሱ ነው ወይስ ጭንጫው?»

«ለሙ ነው! ለሙ እሱ ነው!» አሉ አያ፤ እግራቸውን ሲያፈራርቁ በወለሉ ይሰማል። ነጋዴው ደግሞ ከኋላ፣ «እኔ የሚከፈት ቤት ነው የምፈልገው፤ ይቅርብኝ» ይላል። ቀጥሎም ዱብ የሚል ድምፅና «ውይ እግሬን!» ሰማን። የሶፋው ፊት ድንጋይ አግኝቶት ነው።

እማሆይ አጠገቤ መጥተው መቋሚያቸውን ተደገፉ። ይህን ጊዜ ቀልዴ አለቀ። ጮክ ብዬ ተናገርሁ።

«ሞላ፣ ስማኝ። አልሸጥም። አልወጣም። ይፋግ አልሄድም። ይህ ግድግዳ ሲነሣ ጭቃውን የረገጥሁት እኔ ነኝ፤ አንተ ያኔ በበዓል መጥተህ ጠላ ጠጥተህ የምትመለስ ልጅ ነበርህ። የወንድምህን ድርሻ ሕግ የሰጠህን ያህል አልከለክልህም። የኔን ግን በመስኮት ብገባም፣ በጭስ ማውጫ ብገባም እገባበታለሁ። እዚሁ ነው የምሞተው።»

«የኔም ድርሻ ከሷ ጋር ይሁን» አሉ እማሆይ። «እዚሁ እኖራለሁ። ያንተ ሚስት ሽሮ ጨው የለውም።»

ሞላ ሲናገር ድምፁ ሌላ ነበር።

«ልጄ ለመስከረም እዚህ ልትማር ነው» አለ። «የምትገባበት የለኝም። ሴት ልጅ ናት፤ የሰው ግቢ ተከራይታ ብቻዋን… ፈራሁ። ድርሻዬን ሸጬ አንዲት ክፍል ላገኝላት ነው።»

«ታዲያ ይህን ለምን አልነገርኸኝም?»

«ብነግርሽ ልመና ሊሆን ነው። ድርሻ ግን ልመና አይደለም።»

በመስኮት ያስወጣኝ እኮ ይኸው ነው። በሩ ግራና ቀኝ ሁለት የማይለምኑ ሰዎች ቆመናል፤ መሐላችን ያበጠ እንጨት አለ።

ግቢው ዳር፣ በኔ ሽንሽን ላይ፣ የአዲሱ የእንጨት ሥራ ክፍል አለች። የራሷ በር ወደ መንገድ አላት። ከሞተ ወዲህ አልከፈትኋትም፤ የእንጨቱን ሽታ ፈርቼ ነው። ለራሴ ላቆያት ነበር። ቢሆንም ተናገርሁት።

«የወንድምህን የሥራ ክፍል ውሰድ። ድርሻህ እሷ ትሁን። ልጅህ ትግባባት። ከቤቱ ግን ገመድህን አንሣ።»

«እሺ» አለ ሞላ። ከዚያ ቆይቶ፣ «እሺ እትዬ።»

«መላጊያው የኔ ነው። መላጊያውን አልሰጥም።»

«ያንቺ ነው።»

«ተስማምተናል! ተስማምተናል! ሦስት ጊዜ ተስማምተናል!» አሉ አያ። «ቤትን እንደ ማሳ ያካፈልሁ እኔ ነኝ ጥፋተኛው፤ እርግማኑንም አንሥቻለሁ፤ ክፈቺልኝ!»

«ገና ነው» አልሁ። «ያሁኑ ስምምነት አይቆጠርም፤ ነገ ‹ተዘግቶብን ነው› ትሉኛላችሁ። እሑድ መጥታችሁ፣ በሩ ወለል ብሎ ተከፍቶ፣ ሽንታችሁንም ሸንታችሁ፣ ይህንኑ ትደግሙልኛላችሁ። ቃል?»

«ቃል!» አሉ ሁሉም፤ ነጋዴው ጭምር።

«ሞላ፣ እጀታውን በሁለት እጅህ ያዝ። ወደ ላይ አንሣ፣ እንደ ነዶ።»

ትከሻዬን አዲሱ ቀለሙን ልጦ በጨረሰው ቦታ ላይ ላሳርፍ ሞከርሁ። አልደረስሁበትም፤ ረጅም ነበር። ከሱ በታች አሳረፍሁ። ከወዲያ ሞላ ሲተነፍስ ይሰማኛል፤ አተነፋፈሱ ልክ እንደ ወንድሙ ነው። ዓይኔን ጨፈንሁ። «አሁን!» ብዬ ገፋሁ፤ ባበጠ ጉልበቴም ከታች መታሁት። በሩ አቃሰተና ተከፈተ። አያ ቢያድግልኝ ማንንም ሳያዩ፣ ገመዳቸውን እየጎተቱ፣ ወደ ለሙ መሬት ሮጡ። ሞላ ግን ደፉ ላይ ቆሞ ቀረ። ፊቴን አይቶ ቀለሙ የለቀቀውን ቦታ ነካና፣ «ይገፉበት የነበረው እዚህ ነው?» አለ፤ በሙት ወንድሙ ላይ አንቱታ ሲጨምር ያን ቀን ሰማሁት። «እዚህ ነው» አልሁት።

እሑድ መጡ፣ ደገሙት። ፍርድ ቤትም አጸደቀው፤ ጠበቃዋ ተማሪዬ ማኅተሙን ስታሳየኝ ከኔ በላይ ደስ አላት። የሞላ ልጅ በመስከረም ገባች፤ ክፍሏን በጠረገች ቁጥር ከወለሉ ስንጥቅ የእንጨት ፍቅፋቂ እንደሚወጣ እየነገረች ትስቃለች። እኔ አልስቅም፤ ግን መንገሯን እንዳትተው ነግሬያታለሁ። እኔና እማሆይ በየቀኑ እንጣላለን። ሽሮዬን ያመሰገኑት ያን ቀን ብቻ ነው።

ክረምቱ ሲወጣ በሩን አውልቀን መሬት ላይ አስተኛነውና በመላጊያው ራሴ ላግሁት። አበዛሁት። አሁን ከሥሩ ንፋስ ይገባል፤ እማሆይ እግሬን በረደኝ ይላሉ። ልልም ስለሆነ በራሱ እየተዘጋ ሲያስቸግር፣ ከድንበሩ ድንጋዮች አንዱን አምጥቼ አስደገፍሁት።

ጠዋት በሩን ከፍቼ ድንጋዩን አስጠጋለሁ። ማታ ድንጋዩን አንሥቼ እዘጋለሁ።